እማዬን አማርኛ ያስተማረቻት ዘፋኝ

ሆሳዕና ከኮንሰርቱ ከተሞች ዝርዝር መጨረሻ ላይ ነበረች፤ ከሐዋሳ፣ ከሶዶና ከአርባ ምንጭ በታች። ሊቀመንበራችን ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ እየሮጠ የውበት ሳሎኔ ሲገባ ሦስት ደንበኞቼ ካስክ ውስጥ ነበሩ። የማድረቂያው ጩኸት ጆሯቸውን ስለያዘው ምን እንደሚል አልሰሙትም፤ የአፉን እንቅስቃሴ ብቻ አይተው እልልታውን አቀለጡት። እኔ በእጄ የያዝኩት የፀጉር መጠቅለያ ቢጉዲን ሁሉ መሬት ላይ ተበተነ።

"ልትመጣ ነው!" አለ። "እሷ! እዚህ! ሆሳዕና!"

"ውሸታም! በእናትህ?"

"ወላሂ!"

"እሷ" ማለት ለእኛ አንድ ዘፋኝ ብቻ ናት። በቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ ስሟን የሚጽፍ አዲስ ገቢ ነው። ሊቀመንበሩ ከሳሎኔ ጎን ጫማ የሚሸጥ የጉራጌ ልጅ ነው። ማንም አልመረጠውም፤ ግን የትኛው አልበም መቼ እንደወጣ፣ በየትኛው ክሊፕ ምን ዓይነት ቀሚስ እንደለበሰች ከሱ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ሹመቱ በዚያው ጸደቀለት። በረመዳን ወር ዘፈን አይሰማም። ወሬዋን መለጠፍ ግን አያቆምም፤ "ዜና ጾም አያበላሽም" ይለናል።

ሁሉም ሲተቃቀፉ እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። የደስታ መስሏቸው ተዉኝ። ደስታም ነበረበት፣ አልዋሽም። ነገር ግን እማዬ አንድ ዓረፍተ ነገር አማርኛ ከተናገረች ዘጠኝ ወር ሆኗት ነበር፤ እኔ ደግሞ ከአማርኛ በቀር እሷን የማናግርበት ቋንቋ አልነበረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ የአንጋጫ ሴት ናት፤ አፏን የፈታችው በከምባትኛ ነው። አባቴ የሆሳዕና ሀዲያ፣ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ከምባትኛን መንገድ ያስተማረው ሰው ነበር። ሁለቱ በዚያ ይግባቡ ነበር። እኔም ትምህርት ቤት እስክገባ ድረስ አብሬያቸው መኮላተፌ አይቀርም፤ ከዚያ በኋላ ግን ትምህርቱም ጨዋታውም ጸቡም በአማርኛ ሆነና የእማዬ ቋንቋ እንደ ወተት ጥርስ ከአፌ ረገፈ።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቀን የረሳሁትን ደብተር ይዛልኝ መጣች። ከክፍሉ በር ላይ ቆማ በከምባትኛ ጠራችኝ። ልጆቹ ሳቁ። አንዱማ አነጋገሯን እየደገመ ቀኑን ሙሉ ሲያበሽቀኝ ዋለ። ቤት ስደርስ ቦርሳዬን ወርውሬ፣ "በአማርኛ! እማዬ፣ በአማርኛ አውሪ!" ብዬ ጮኽኩባት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አቤት የልጅ ምላስ! እሷ አፏን ዘግታ ቦርሳዬን ከመሬት አነሳች።

በዚያው ሰሞን አባቴ ከአዲስ አበባ አንድ ካሴት ይዞ መጣ፤ የዘፋኟ የመጀመሪያ ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና ከአጥሩ ውጭ ድምጿ ይቀበለኝ ጀመር። እማዬ አንድ ስንኝ ታዳምጥና ታቆማለች፤ ትመልሰዋለች፤ አፏ እስኪለምደው ትደግመዋለች፤ ቴፑ ክሩን ሲበላው በእስክሪብቶ ትጠቀልለዋለች። አመሻሽ ላይ "ይሄ ምን ማለት ነው?" ትለኛለች። እኔ አስተማሪ ሆኜ እየተቆጣሁ አስረዳታለሁ፤ ስትሳሳት ራሴን እነቀንቃለሁ። ከጓሮ የእንሰቱ ቅጠል ይንሿሿል፣ ጉሙ እስከ መስኮታችን ይወርዳል፣ ያቺ የማናውቃት ሴት መሃላችን ቁጭ ብላ የምታንጎራጉር ይመስለኛል። ያንን ጊዜ ሳስበው ጉም የሌለበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። እኛ ጋ ደግሞ መዝሙር እንጂ ዘፈን ከቤት ሲሰማ ቀላል ነገር አልነበረም። ሁለት ሽማግሌዎች መጥተው፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ "እህታችን፣ ከዚህ ቤት ዓለማዊ ዘፈን ይሰማል ይባላል" አሏት።

እማዬ ቀጥ ብላ ቆማ፣ "ዘፈን አልሰማም። አማርኛ ነው የምማረው" አለቻቸው።

ተያዩ። "እንግዲህ ትምህርትማ..." አለ አንደኛው። ያቀረበችላቸውን ቆሎ ጨርሰው፣ ጸልየውልን ሄዱ።

ችግሩ የተማረችው አማርኛ ሁሉ የፍቅርና የናፍቆት መሆኑ ነበር። አንድ ቀን የመብራት ቆጣሪ አንባቢው አጥራችንን ሲያንኳኳ ብቅ አለችና በሙሉ ክብር፣

"ቤቴ አልተዘጋም፣ ምን አቆመህ ከደጅ፣
ማንኳኳትማ ለሰው ቤት ነው እንጅ"

አለችው። ምስኪን! ግራና ቀኝ ገልመጥ ገልመጥ ብሎ እግሬ አውጪኝ አለ። የዚያን ወር ቆጣሪያችን ሳይነበብ ቀረ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ አባቴ ግን ሳምንቱን ሙሉ እየሳቀ ሰነበተ። እሷም ምን እንዳጠፋች ሲገባት አብራው ሳቀች፣ ስንኙን መጠቀሟን ግን አልተወችም። እንግዳ በመጣ ቁጥር የምትቀበለው በዚያ ነበር፤ ዘፈኑም "የእማዬ ዘፈን" ሆኖ ቀረ።

እንዲህ ሆነን ነው ዘፋኟን መከተል የጀመርነው። በካሴት፣ በሲዲ፣ በፍላሽ፣ በስልክ ተከተልናት። ለዓመታት ዝም ባለች ጊዜ "በቃ፣ አለቀላት" ሲባል እማዬ "ትንፋሽ እየወሰደች ነው፤ ጠብቁ" ብላ ከሰፈሩ ጋር ተሟገተች። አባቴ የሞተ ዓመት ከቤታችን ውስጥ ከእሷ ሌላ ድምፅ አልነበረም። ሳሎኑን ስከፍት እማዬ በመስኮቱ በኩል ያለውን ወንበር ያዘች፤ ፀጉር ሊሠሩ የሚመጡት ሁሉ ሳያውቁት አድናቂ ሆነው ይወጣሉ። አዲስ ዜማ በወጣ ቁጥር እማዬ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጥና ፍርዷን ትሰጣለች። "ዘንድሮ ሰው አስቀይሟታል፤ ድምጿ ላይ ይሰማል" ትላለች። እማዬ ሳትናገር ሊቀመንበሩ እንኳ አስተያየት አይጽፍም ነበር።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ እማዬ ግቢ ውስጥ ወደቀች። ስትሮክ ነው ተባለ። ጌታ ይመስገን፣ ተነሳች። እግሯ ትንሽ ይጎተታል፣ እጇም ይዝላል፤ አንደበቷ ግን ተመለሰ፣ በከምባትኛ ብቻ።

"አንዳንዴ ኋላ የተማሩት ቋንቋ ይጠፋል" አለኝ ሐኪሙ። "ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል።"

ስንት ዓመት የለፋችበት አማርኛ በአንድ ጠዋት ሄደ። አብረን እየኖርን ተለያየን። አንድ ነገር ስትናገር አንጋጫ ላለችው እህቷ እደውልና ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋለሁ።

"አክስቴ፣ እስቲ ስሚያት። ምን እያለች ነው?"

"ሻዩ ቀዝቅዟል ነው የምትልሽ።"

የገዛ እናቴ ሻይ መቀዝቀዙን ለማወቅ አንጋጫ እደውል ነበር! ኔትወርክ የሌለ ቀን ደግሞ ተያይተን እንውላለን። ዘፈኖቹን ከፈትኩላት። ታዳምጣለች፣ ዓይኗ ሩቅ ይሄዳል፣ ከንፈሯ ግን አይንቀሳቀስም። ያን ጊዜ ነው ሕልሜን ማለም የጀመርኩት። ካሴቱ ያንን ሁሉ ካስተማራት፣ ሴትዮዋን ራሷን በዓይኗ ብታያትስ? ማንም ሐኪም እንዲህ አላለኝም። እኔው አልኩት፣ እኔው አመንኩት።

ስለዚህ ዝርዝሩ ወጥቶ ሆሳዕና ውስጡ ስትገኝ ለእኔ የኮንሰርት ወሬ ብቻ አልነበረም። የጥበቃውን ሳምንታት በሰመመን እንዳለፍኳቸው ነው የማስታውሰው። ሊቀመንበሩ ከየከተማው የመጣውን ቪዲዮ ይለጥፋል፤ እኛ ሐዋሳ ላይ በምን ጀመረች፣ ሶዶ ላይ በምን ጨረሰች፣ ያቺን የእማዬን ዘፈን ዘፈነቻት ወይስ ዘለለቻት እያልን እንከራከራለን። እኔ እጄ ከደንበኛ ፀጉር ላይ፣ ልቤ ከስታዲየሙ ነው። እማዬ ተነስታ በአማርኛ ስትጠራኝ፣ ስትቆጣኝ፣ ጎረቤት ስታማልኝ ይታየኛል። "ኧረ ጆሮዬን አቃጠልሽው!" ትለኛለች ደንበኛዬ፤ ያን ጊዜ እነቃለሁ።

የእኛ ተራ ሲደርስ በዝናብ ምክንያት በሳምንት ተራዘመ። ደሜ ፈላ። "ስኳር ናት እንዴ በዝናብ የምትሟሟው!" ብዬ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። ግሩፑ በሙሉ ተነሳብኝ። ሊቀመንበሩ "እህቴ፣ አጥፊው፤ ነውር ነው" ብሎ ለብቻዬ ጻፈልኝ፣ አጠፋሁት። አዘጋጆቹን ለምኖ ከመድረኩ ፊት ለፊት ለእማዬ የወንበር ቦታ ያስፈቀደልኝም እሱ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ከጠዋት ጀምሮ ከአንጋጫ፣ ከሀደሮ፣ ከአዲሎ የመጡ ሚኒባሶች ዘፈኗን እየለቀቁ ከተማውን ሞሉት፤ አክስቴም በአንዱ መጣች። እማዬን ቀጭን ሹሩባ ሠራኋት። ነጠላዋን አስተካክዬላት በባጃጅ ይዘናት ሄድን፤ ከሰዓት በኋላ ስታዲየሙ ውስጥ ነበርን። ዝናቡ አባርቶ ሣሩ ይተን ነበር። ፀሐይዋ በእንፋሎቱ ውስጥ ስታልፍ ሕዝቡ ሁሉ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ዘፋኟ ብቅ አለች። እንዴት ትንሽ ሴት ናት! አርጅታለች፤ ጫማዋም ጭቃ ነክቶታል። ግጥሟን አንድ ሳይቀር በቃሉ የሚያውቀው ሊቀመንበራችን አንዲት ቃል ሳይወጣው ቆሞ ያለቅሳል።

ከዚያ የእማዬ ዘፈን ተጀመረ። መድረኩን አላየሁም፤ የማየው የእማዬን ከንፈር ነበር። መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ተከፈተ።

"ቤቴ አልተዘጋም" አለች እማዬ። "ምን አቆመህ ከደጅ..."

ቃል ሳትስት፣ ሳትንተባተብ፣ ከአዝማች እስከ አዝማች ዘፈነችው። እግሯ ስር ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። ጌታዬ ሆይ፣ እናቴ መጣችልኝ! አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዘፈኑ አለቀ፣ ሕዝቡ ጮኸ። ፊቷን በሁለት እጄ ይዤ፣ "እማዬ፣ ይኸው ተመለሰልሽ! እስቲ አንድ ነገር በይኝ" አልኳት። ፈገግ አለች። ጉንጬን ነካ አደረገችኝ። ረዘም ያለ ነገር ተናገረች፣ በከምባትኛ።

"በአማርኛ!" ብዬ ጮኽኩ። "እማዬ፣ በአማርኛ አውሪ!"

ድምፁ ከአፌ ሲወጣ አወቅኩት። ያቺ የሦስተኛ ክፍሏ ልጅ ናት፤ አንድም ነገር አልተለወጠባትም። እማዬም እንደዚያን ቀን አፏን ዘጋች። የተመለሰው ዘፈኑ ብቻ ነበር። አፈርኩ፤ በሕዝብ መሃል ሳይሆን በእሷ ፊት አፈርኩ።

"ምን አለች?" አልኳት አክስቴን፣ ቀስ ብዬ።

አክስቴ ዓይኗን አሸሸች። "'ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ነው የምትውይው፤ ዛሬ እንኳ ነይ አጠገቤ ቁጭ በይ' ነው ያለችሽ።"

ቁጭ አልኩ። ሌላ ዘፈን ተጀመረ፣ ከዚያም ሌላ። ይሄን ሁሉ ወር በየቀኑ እንዲህ ያለ ነገር ስትነግረኝ ኖራ ይሆን እያልኩ እስከ መጨረሻው እጇን ይዤ ነበር።

በማግስቱ ሳሎኑን አልከፈትኩም። ግሩፑ በቪዲዮ ተጥለቅልቆ ስልኬ ሲንጫጫብኝ ዘጋሁት። ለእማዬ ሻይ አፍልቼ አጠገቧ ቁጭ አልኩና ብርጭቆውን እያሳየሁ በእጄ "ይሄስ?" አልኳት። ግራ ተጋባች። ከዚያ ተረዳችኝ፤ አንድ ቃል አለች። ደገምኩት። ዓይኗ ፈጠጠ፣ ትከሻዋ ተነቃነቀ፣ በሳቅ ፈነዳች! ከታመመች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ድጋሚ አለችው፣ ደገምኩት፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ እንዴት ያለሁ ቁጡ አስተማሪ ነበርኩ! እሷ ግን አልተቆጣችኝም፤ እንደ ካሴቱ እያቆመች፣ እየመለሰች ደጋገመችልኝ።

ግሩፑ አሁን የሚቀጥለውን አልበም እየጠበቀ ነው። እኔ ደንበኛ በሌለ ሰዓት ወንበሬን ከመስኮቱ ወንበር ጎን አስጠግቼ በቀን ሁለት ሦስት ቃል እለቅማለሁ። ባለፈው ማክሰኞ እማዬ ብርጭቆዋን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ የሆነ ነገር አለችኝ። ተነስቼ ሻዩን አሙቄ አመጣሁላት፣ አንጋጫ ሳልደውል።