ፊት ለፊት የማይደገም ቀልድ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ገርጂ በአንድ የሰርግ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሙሽሮቹ ፎቶ ሊነሱ ሄደው ስለዘገዩ የኮሜዲ ቡድናችን መሪ ታዬ ማይክ አስጨበጠኝና «እስኪመጡ ሕዝቡን ያዝልኝ» አለኝ። የራበው ሰው ፊት መቆም ቀላል አይደለም። ሳምንት ሙሉ ያጠናሁት ቀልድ በአምስት ደቂቃ አለቀ። ወዲያው የማይኩ ገመድ ጠልፎ ጣለኝ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ስወርድ ታዬ፣ «ቀልድህን ተወው፤ መውደቁን ግን ያዘው» አለኝ።

ሦስት ዓመት ስወድቅ ኖርኩ። ሰፊ ሱሪ ለብሼ፣ ጉልበቴ ላይ ስፖንጅ አስሬ፣ ከቦሌ እስከ ሰሚት ያልወደቅኩበት አዳራሽ የለም። የታዬ ሕግ አጭር ነበር። ሕዝቡ ሁለት ደቂቃ ካልሳቀ ውደቅ፤ ወድቀህም ካልሳቀ የሰው አነጋገር ኮርጅ።

በሁለተኛው ተካንኩ። አንድ ሰው ሩብ ሰዓት ሲያወራ ከሰማሁ ድምፁን ይዤ እሄድ ነበር። መሥሪያ ቤቶች ለዓመት በዓል ዝግጅት ሲጠሩን ቀድመን ሠራተኞቹን እናጠያይቃለን፦ የትኛው አለቃ ነው የሚያስቀው? እንዴት ነው የሚራመደው? ከዚያ የስብሰባ ድምፅ በስልክ ቀድተው ይልኩልናል።

አንድ ጊዜ አየር ማረፊያው አካባቢ የሚሠራ የጭነት ድርጅት ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ሆቴል ውስጥ ድግስ ደገሰ። የተመረጡልኝ አንድ የፈረቃ ኃላፊ ነበሩ። ከትግራይ የመጡ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው የአገራቸውን ለዛ ይዟል። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እንደሳቸው ስናገር ሠራተኛው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሰውየው ፊት ለፊት ተቀምጠው ፈገግ አሉ፤ ኬኩ ሳይቆረስ ግን ሄዱ። ሥራ ይኖርባቸዋል ብዬ አለፍኩት።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ብሩክ ደወለልኝ። ብሩክ ኪቦርድ የሚመታልን ጓደኛዬ ነው፤ ያን ቀን ሰላማዊት የምትባል ልጅ ቤት ሽማግሌ ሊልክ ነበር።

«ኮት አለህ?» አለኝ።

«አለኝ። ምነው?»

«አንዱ ሽማግሌ ደም ግፊታቸው ተነሥቶ ቀሩ። ሰዎቹ ሦስት መሆን አለባቸው። በእናትህ፣ ገብተህ ዝም በልልኝ።»

የሽማግሌዎቹ መሪ የብሩክ አጎት ጋሽ ደሳለኝ ነበሩ። መኪና ውስጥ ሁለት ጊዜ አስማሉኝ። «ሞት እንኳ ቢመጣ አፍህን እንዳትከፍት» አሉኝ።

ቤቱ ጎሮ ነው። ተቀመጡ ስንባል፣ እንደ ወጉ፣ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም ብለን ቆምን። የልጅቱ አባት አቶ ኪሮስ አንድ በአንድ አዩንና እኔ ላይ ቆሙ።

«ይኼን ሰው አውቀዋለሁ» አሉ።

እኔ ከፊታቸው በፊት ያወቅኩት ድምፃቸውን ነው። የጭነት ድርጅቱ የፈረቃ ኃላፊ ነበሩ።

«ከዚያ ድግስ በኋላ» አሉ አቶ ኪሮስ፣ «ስብሰባ ላይ አፌን ስከፍት ሠራተኞቼ ሳቃቸውን ለመያዝ አንገታቸውን ይደፋሉ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ትእዛዝ የምሰጠው በወረቀት ነበር። ብሩክ ልጄን የሚጠይቀኝ በዚህ ሰው ነው?»

ጋሽ ደሳለኝ ላብ አጠመቃቸው። ብሩክ ልጅቱን አጣት ማለት ነው፤ ያሳጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ። አፈርኩ። በሥራዬ ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን የለም።

«አቶ ኪሮስ፣ ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው» አልኩ። «ብሩክ ያን ቀን አልነበረም። እኔም ሽማግሌ ሆኜ አይደለም የመጣሁት፤ ሰው ጎድሎ ነው። እንዳልናገር ሁለት ጊዜ አስምለውኛል። ይኸው አሁን መሐላዬንም አፈረስኩ።»

ከጓዳ በር ጀርባ አንድ ሰው ሳቁን አፈነ። አቶ ኪሮስ ግን ፊታቸው አልተፈታም።

«በል እስቲ፣ አሁን እዚሁ ፊቴ እንደኔ ተናገር።»

አፌን ከፈትኩ። ድምፃቸውን እንደ ራሴ ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ዓይናቸው እያየኝ ግን አልሆነልኝም።

«አልችልም» አልኩ።

ዝም ብለው አዩኝ። ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ያን ቀንም አልቻልክበትም» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተብርሃን ከጓዳ እየሳቁ ወጡ፤ ጋሽ ደሳለኝ ግድግዳ ተደገፉ። ያልሳቁት አቶ ኪሮስ ብቻ ነበሩ። ስንት ዓመት ስወድቅ ስነሣ የኖርኩበት ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ያን ጊዜ አየሁ። ድምፅ ከፍ አይልም፤ ፊት አይጨማደድም፤ ሰውየውን ታየዋለህ፣ ትጠብቃለህ፣ አንዲት እውነት ተናግረህ ታቆማለህ።

«ተቀመጡ» አሉ። «ከቤተሰብ ጋር እንመክርበታለን። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ። ይኼንንም ሰው አምጡት።»

ስንመለስ እሺታቸውን ሰጡን። ለእኔ ግን ለብቻዬ ነገሩኝ፦ «በመድረክ ያጠፋኸውን በመድረክ ትክሳለህ። የድሮ ሠራተኞቼን ሰርጉ ላይ ጠርቻቸዋለሁ።»

በሰርጉ ቀን አልወደቅኩም፤ የማንንም አነጋገር አልኮረጅኩም። ቀጥ ብዬ ቆሜ ሽምግልና ሄጄ የደረሰብኝን ሁሉ በራሴ ድምፅ ተናገርኩ። ከዚያ ማይኩን ለአቶ ኪሮስ ሰጠኋቸው። በዚያው በአገራቸው ለዛ፣ ሳይቸኩሉ፣ ልጃቸውን መረቁ፤ እኔንም አንድ ሁለት ጊዜ ወጉኝ። የድሮ ሠራተኞቻቸው ዓይን ዓይናቸውን እያዩ አዳመጧቸው፤ የሳቁትም እሳቸው ሳቁ ባሉበት ቦታ ብቻ ነው። ከእኔ ይልቅ እሳቸው አሳቁ። እውነቱን ለመናገር ቀናሁ፤ ከቅናቴ ደስታዬ ይበልጥ ነበር።

ታዬ፣ «እንዲህ ቆመህ የምታወራ ከሆነማ ማን ይጠራሃል?» ብሎኝ ነበር። ጠሩኝ። ዛሬ በቴሌቪዥን ድራማም የሚሰጡኝ ዝምተኛውን ሰው ነው።

ለጀማሪ ኮሜዲያን የምለው አንድ ነገር አለኝ። በሰው ላይ የሠራችሁትን ቀልድ መድረክ ከማውጣታችሁ በፊት ሰውየው ቤት ሄዳችሁ ፊቱ ቆማችሁ ልትደግሙት ትችሉ እንደሆነ አስቡ። ካልቻላችሁ ተዉት፤ ሌላ ፈልጉ።