ንጋቱ የገመተ ዕለት

ከንጋቱ ጋር የተዋወቅነው ቦቴ ስነዳ ነው። አሰብ ማጣሪያ በር ላይ ነዳጅ ለመጫን ተራ ስንጠብቅ ሁለት ቀን፣ ሲከፋም አራት ቀን እንቀመጥ ነበር። በዚያ ሙቀት ሽርጥ አገልድሞ ከመኪና ሥር ከመጋደም በቀር ሌላ ሥራ የለም። አንድ ቀን ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ፈረቃውን ጨርሶ የወጣ ቀጭን ሰው የእኔ ቦቴ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ከኪሱ ትንሽ መጽሐፍ አወጣና እርሳሱን መቅረጽ ጀመረ። ሰላም አለኝ እንጂ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። እኔ ደግሞ ሰው ሲንቀኝ አልወድም።

"ምንድን ነው የምትሞላው፣ ሎተሪ ነው?" አልኩት።

"ሎተሪ ዕድል አለው። ይህ ዕድል የለበትም" አለኝ።

መጽሐፉ የጃፓን ነው። በ1986 ዓ.ም. አንድ መርከበኛ፣ ንጋቱ ሬዲዮኑን ቢጠግንለት፣ በስጦታ ሰጠው። ጽሑፉን የሚያነብ ሰው አሰብ ውስጥ የለም፤ ቁጥሮቹ ግን እኛም የምናውቃቸው ናቸው። ንጋቱ መጨረሻ ላይ ያለውን መልስ ከጥያቄው ጋር እያስተያየ በአንድ ሳምንት ሕጉን ራሱ አወጣው። ዘጠኝ በዘጠኝ ሠንጠረዥ ነው። በየረድፉ፣ በየዓምዱና ሦስት በሦስት በሆነው በየሳጥኑ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ ይገባል። ጥቂቱ ተሰጥቶሃል፣ የቀረውን አንተ ትሞላለህ። ሕጉን ካወቀ በኋላ እንዳይፈተን ብሎ የመልሱን ገጾች በማስቲሽ አጣበቃቸው። ሱዶኩ እንደሚባል ኋላ ነው የሰማሁት፤ እኛ "ሠንጠረዡ" ነበር የምንለው።

ንጋቱ የወሎ ልጅ ነው፣ አሰብ ከመጣ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነበር። ሥራው ቀኑን ሙሉ የግፊትና የሙቀት መለኪያ እያነበበ መዝገብ ላይ መጻፍ ነው። ሠንጠረዡንም እንደዚያው ያደርገዋል። በየባዶው ቤት ጥግ ላይ ሊገቡ የሚችሉትን ቁጥሮች ጥቃቅን አድርጎ ይጽፍና አንድ በአንድ እያጣራ ይሰርዛል። ምክንያቱን ጮክ ብሎ ሳይናገር ቁጥር ጽፎ አያውቅም። አንዱን ዘዴውን "የአልጋ እግር" ይለዋል።

"እየው፣ ስድስት በዚህ ረድፍ ሁለት ቦታ ብቻ ይገባል። እዚያ ታች ባለው ረድፍም በእነዚሁ ዓምዶች ሁለት ቦታ ብቻ ይገባል። እንደ አልጋ አራት እግር ሆነልህ አይደል? ከአራቱ ሁለቱ፣ በሰያፍ ያሉት፣ ስድስት ናቸው። የትኞቹ እንደሆኑ አላውቅም። ግን በሁለቱ ዓምዶች ሌላ ቦታ ስድስት እንደሌለ አወቅኩ። እሰርዘዋለሁ።"

"ሳታውቅ አወቅክ ማለት ነው" አልኩት። ሳቀ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ወዳጅ ሆንን።

እኔ ሌላ ሰው ነኝ። ሁለት ቁጥር የሚገባበት ቤት ካገኘሁ አንዱን ጽፌ እነዳለሁ። ከሆነ ሆነ። አንድ ረድፍ ላይ ሁለት ሰባት ከመጣብኝ የኋላ ማርሽ አስገብቼ እስከ ጀመርኩበት እመለስና ሌላኛውን እሞክራለሁ። ንጋቱ በዚህ ይንገበገብ ነበር።

"መልሱን አገኘኸው እንጂ አልፈታኸውም" ይለኛል።

"ላጲስ ታዲያ ለምን ተሠራ?" እለዋለሁ።

ቤቱ ስሄድ ሦስተኛ ተፎካካሪ ነበረችን፣ ልጁ ሳምራ። ገና ስድስት ዓመት ሳይሞላት ነው ከመካከላችን ገብታ መቀመጥ የጀመረችው። እሷ ቤት ቤቱን አታይም፣ አንድ ቁጥር መርጣ ታሳድዳለች። "ሰባት ኩኩሉ እየተጫወተ ነው" ትልና በየሳጥኑ እየዞረች ከተደበቀበት ታወጣዋለች። እኔና አባቷ ስንጨቃጨቅ ዘልለን የሄድነውን ስንት ጊዜ አገኘችብን። እናቷ ከይሪያ ከአሰብ አቅራቢያ ያለችው የበይሉል መንደር አፋር ናት። ውኃ ልታቀብለን ስትመጣ "ሦስት ሰው ለአንድ ወረቀት!" እያለች ትስቅብን ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ደስታችን ግን መቶኛው ሠንጠረዥ ነው፤ የመጽሐፉ መጨረሻ። ንጋቱ አራት ወር ታግሎ የአልጋ እግሩም ሌላውም አልሠራ አለው። አንድ ምልልስ ስመጣ ያንኑ በሁለት ወረቀት ላይ ገልብጦ ጠበቀኝ። አንድ ቤት ሁለት ወይም ዘጠኝ ይገባበታል። "አንተ በሁለት ግባ፣ እኔ በዘጠኝ እገባለሁ፤ በየወረቀታችን እንሙላ" አልኩት። ፊቱን አጨማደደ፣ ግን እሺ አለ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ስናስቀምጥ መካከለኛው ሳጥን ውስጥ ሁለታችንም አንድ ቦታ ላይ አምስት ጽፈናል። ንጋቱ ተነሥቶ ቆመ። "በሁለቱም መንገድ አምስት ከሆነ አምስት ነው! ይህ ግምት አይደለም፣ ማስረጃ ነው!" ብሎ አቀፈኝ። ያን ዕለት ጨረስነው። እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

በ1989 ዓ.ም. ማጣሪያው ቆመ። ባልደረቦቹ ዕቃቸውን እየጫኑ ወደየአገራቸው ሄዱ። ንጋቱ ግን የቤት ማራገቢያ ቬንቲላተር እየጠገነ እዚያው ቀረ። የከይሪያ እናት በይሉል ሽባ ሆነው ተኝተዋል፣ ያለ እሷ የሚያገላብጣቸው የለም።

ግንቦት 1990 ሰሜን ላይ በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ውጊያ ተነሣ ሲባል እኔ አሰብ ነበርኩ። ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ ሾፌሮቹ ተሰብስበው ዛሬ አሥር ሰዓት ካልወጣን መንገዱ ይዘጋል ተባባሉ። ሮጬ ንጋቱ ቤት ገባሁ። "ጋቢናዬ ባዶ ነው፣ ሦስታችሁም ግቡ" አልኩ።

ከይሪያ "እናቴን ጥዬ የትም አልሄድም፣ ወንድሜ" አለች። ንጋቱ "እኔም ከይሪያን ትቼ አልሄድም" አለ። እነዚህ ሁለቱ እርሳስ አላስፈለጋቸውም። የቀረችው ሳምራ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

ወደብ ያለበት ከተማ ጦርነት ቢመጣ ምን እንደሚደርስበት አይታወቅም። ንጋቱ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ነገ ምን ይሉት እንደሆነም አይታወቅም። ሁለት ወረቀት አወጣ። በአንዱ ላይ "ብትሄድ" ብሎ ጻፈ፣ በሌላው "ብትቀር"። በእያንዳንዱ ሥር ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ዘረዘረ። በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት የሆነ ነገር ፈለገ፤ ላቡ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ምንም አላገኘም። ከይሪያ ግድግዳውን ተደግፋ እሱን ታየዋለች። ውጭ ጥሩምባ መነፋት ጀመረ።

ያኔ ነው አፌን የከፈትኩት። "ንጋቱ፣ ሞክረው፤ ትሂድ። ካልሆነ በሁለት ሳምንት እኔው መልሼ አመጣታለሁ።"

ቀና ብሎ አየኝ። እንደዚያ ሲያየኝ የመጀመሪያው ነው። "ትመልሳታለህ?"

"እመልሳታለሁ። ምነው፣ እኔን በኃይሉን አታውቀኝም?"

ወረቀቶቹን አጣጠፈ። ምክንያት አልተናገረም። "ልብሷን አሰናጂላት" አላት ከይሪያን። ከይሪያ አላለቀሰችም፤ ልጅቷን ፀጉሯን ሠርታ ሁለት ቀሚስ በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝና "ማታ ማታ ትፈራለች፣ ብቻዋን አታስተኟት" አለችኝ። ሳምራ የሄደችው ሽርሽር መስሏት ነው። ንጋቱ መጽሐፉንም ሰጣት፤ እስከ ጠረፏ ቡሬ ድረስ የተሞላውን በላጲስ እያጠፋች እንደ አዲስ ስትሞላ ነበር።

መንገዱ በማግስቱ ተዘጋ። በሁለት ሳምንቱ ቡሬ ግንባር ሆነ። እስከ ሚሌ እየወረድኩ ሦስት ጊዜ ለመንኩ፣ ወታደሮቹ መለሱኝ። ስልኩ ተቆረጠ፣ ፖስታውም ቆመ። አሥራ ስምንት ዓመት ያንን መንገድ የነዳሁ ሰው ኮምቦልቻ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሰማይ አያለሁ። ሳምራ ቅዳሜ ቅዳሜ "ጋሼ፣ በዚህ ሳምንት ነው?" ትለኛለች። "በሚቀጥለው" እላለሁ። ባለቤቴ ታደለች ከጎኗ እያስተኛች ታሳድጋታለች፣ ግን ልጅቷ ስትበላም ስትማርም በር በሩን ታያለች። ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

ሐምሌ 1991 የተለያዩ ቤተሰቦችን ወሬ በሚያመላልስ ድርጅት በኩል ያልታሸገ ወረቀት መጣ። የንጋቱ እጅ ጽሑፍ ነው። "እኔና ከይሪያ አለን። አማቴ በጥር አረፉ። ሳምራ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ። በኃይሉ፣ ያን ቀን የወሰንኩት ልክ ነበር ወይ? እባክህ መልስልኝ።"

ለመልስ የተሰጠን ቅጽ ላይ ሳምራ በመጀመሪያ ሠንጠረዥ ሠርታ ግማሹን ሞልታ "ቀሪውን አባዬ ይጨርሰው" አለች። የድርጅቱ ቢሮ ያለችው ሴት አይታው መለሰችልኝ። ቁጥር የበዛበት ወረቀት ምስጢር ይመስላል፣ አያልፍም አለች። አዲስ ቅጽ ይዤ ቤት ገባሁ።

"ሳምራ፣ አባትሽ ልክ ነበርኩ ወይ ይላል። ምን ልበለው?"

"ልክ አይደለህም በለው" አለች። "እዚያ ብሆን ይሻለኝ ነበር።"

እውነቷን ነው። ግን እዚያ ተቀምጦ ይህን ሲያነብ ምን ያደርገዋል? እኔስ መልሼ የማላመጣትን ልጅ ይዤ ምን ብዬ ልጻፍ? "ንጋቱ፣ ልክ ነበርክ። ሳምራ ደስ ብሏት ትማራለች" ብዬ ጻፍኩና ስሜን አኖርኩበት። አፈርኩ፣ ግን ጻፍኩት።

ሳምራ ቅጹን ተቀበለችኝና ቃል በቃል አነበበችው። ትቀደዋለች ብዬ ነበር። እርሳሱን ከእጄ ወስዳ ከስሜ ሥር "ልጅህ ሳምራ" ብላ ጻፈችበትና መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲህ መቼ እንደምንሄድ ጠይቃኝ አታውቅም።