አንድ ሰው የሚበቃው ጋሪ

የሕንፃው ሊፍት ከተበላሸ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። አምስቱም ፎቅ የቤት ዕቃ መሸጫ ነው፤ ታች ወንበርና ጠረጴዛ፣ ከዚያ አልጋ፣ ከዚያ ፍሪጅና ምድጃ እያለ ሄዶ ጫፍ ላይ ቁም ሳጥን ይሸጣል። ያን የሚያህል ጣውላ አምስተኛ ፎቅ ላይ ይሸጥ ብሎ የወሰነው ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሰባቱ ተሸካሚዎች ግን "ማንም ይሁን ማን፣ ከማንኪያ በላይ ተሸክሞ አያውቅም" ይላሉ። በሌላው ነገር ሁሉ ሲጨቃጨቁ ይውሉና እዚህ ላይ ሲደርሱ ይስማማሉ።

የሕንፃው የጥገና ሠራተኛ ዕድሜው አርባ አምስት ግድም የሆነ፣ ቀጠን ያለ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ኪሱ ውስጥ ብሎንና ዳዶ ስለማይጠፋ ሲራመድ ይንሿሿል። ተሸካሚዎቹ መጀመሪያ "ዶክተር ብሎን" አሉት፤ እያደር ዶክተሩ ተቆረጠና ብሎን ብቻ ቀረ። ሚስቱም ስትናደድ የምትጠራው በዚሁ ስም ነው።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ ታላቅ ወንድሙ ነው። አባታቸው ሲሞት ብሎን የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ያሳደገውም፣ የሙያ ትምህርት ቤት ያስገባውም ይኸው ወንድሙ ነው፤ ያውም በጀርባው። ብሎን "ጋሼ" ብሎ ነው የሚጠራው፤ ስሙን ጠርቶት አያውቅም። ጋሼ አሁን ስድሳን ተጠግቷል። ጉልበቱ አልታጠፍ ስላለው ደረጃ የሚወርደው እንደ መሰላል ወደ ኋላ ዞሮ፣ የብረት መደገፊያውን በሁለት እጁ ይዞ ነው።

አንድ ቀን ብሎን ሦስተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ሊያስተካክል ሲወጣ ጋሼን አገኘው። ፍሪጅ በጀርባው እንደተሸከመ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል።

"ጋሼ፣ ልያዝልህ?"

"ዞር በል፣ መንገድ አትዝጋ" አለው ጋሼ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ብሎን ዞር አለለት። መስኮቱን ትቶ ምድር ቤት ወረደና የሞተው ሊፍት ሞተር አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ ደረጃ የሚወጣ ጋሪ መሣል ጀመረ።

ይህ የአምስት ዓመት ሥራ ሆነ። ምሳ ሰዓቱን ሁሉ ምድር ቤት አሳለፈ፤ እሑዶቹንም እዚያው ቀበራቸው። አካሉን ከተጣለ የአልጋ ብረት በየደው። ጎማዎቹን ከተሰበሩ የቢሮ ወንበሮች ነቀለ። ኩሽኔታውን ከሊፍቱ ሞተር አወጣ፤ እዚያ ዝጎ ከሚቀር ብሎ። ጎማዎቹን በየጎኑ ሦስት ሦስት አድርጎ አሰራቸው፤ አንደኛው ደረጃውን ሲነካ ሌላው ተገልብጦ ከላይ ይረግጣል። የመጀመሪያው ጋሪ ከሁለተኛው ደረጃ ሳያልፍ ተገነጠለ። ሁለተኛው ወጣ፤ ግን መታጠፊያው ላይ አልዞር አለ። ሦስተኛው የአሸዋ ጆንያ እንደጫነ ከላይ አመለጠውና ሁለት ፎቅ ሙሉ እየተንደረደረ ወርዶ የታችኛውን በር መስታወት ዱቄት አደረገው። ሰው አልነበረም እንጂ ጉድ ይፈላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብሎን ሌላውን ሁሉ ትቶ ማገቻ ብቻ ሲያስብ ከረመ።

"ሌላው ወንድ ውሽማ ይይዛል፣ አንተ ጋሪ ያዝክ" ትለዋለች ሚስቱ። "ውሽማ ብትሆን እንኳ ሄጄ ጸጉሯን እነጭልህ ነበር። ይሄን ብረት ምኑን ልንጨው?"

በአምስተኛው ዓመት ማገቻዋ ተሠራች። መዳፍ የማታህል፣ ጥርስ ያላት ብረት ናት፤ ጋሪው አንድ ደረጃ በወጣ ቁጥር ቀጭ ብላ ትቆልፋለች፤ የሚስበው ሰው እጁን ቢለቅ እንኳ ጋሪው ካለበት ንቅንቅ አይልም። ብሎን ተሸካሚዎቹን ጠራና ትልቁን ቁም ሳጥን አስጫነ። ከዚያ ብቻውን፣ ወሬ እያወራ፣ አምስተኛ ፎቅ አደረሰው። ተሸካሚዎቹ እየተከተሉ ሲያጨበጭቡ፣ ሲያፏጩ ደረጃውን አናወጡት። ከሁሉም ግዙፉ፣ ግንዱ የሚሉት ጎረምሳ፣ ብሎንን ብድግ አድርጎ አሽከረከረው።

"እሺ አሁን ንገረን፣ ስንት ሰው ይዞት ይሄዳል?" አለ ግንዱ፣ መሬት ሲያወርደው።

"አንድ ሰው ይበቃዋል" አለ ብሎን፣ ደስታው ፊቱ ላይ ሞልቶ።

ጭብጨባው እዚያው ላይ ቆመ። ግንዱ ጓደኞቹን አያቸው፤ እነሱም እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንደኛው ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ሥራ እንዳለበት ሰው፣ ወደ ታች ወረዱ። ከጋሪው አጠገብ የቀሩት ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው።

"ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ? ለናንተ ብዬ አይደል እንዴ?"

"አውቃለሁ" አለ ጋሼ። የቁም ሳጥኑን በር ከፈተና ዘጋው። "ሸክሙን ከጀርባዬ ልታወርድልኝ ነው። ካወረድክልኝ በኋላ ግን ምን ይዤ ቤቴ እገባለሁ? ይሄን አስበህልኛል?"

ብሎን አላሰበበትም ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሲብሰለሰል ሰንብቶ መላ ያገኘ መሰለው። ጋሪው በብዛት ቢመረት፣ ተሸካሚዎቹ ተደራጅተው እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጋሪ ቢኖራቸው፣ በከተማው ሊፍት ያልተሠራለት ሕንፃ ሞልቷል። ሰባት ሰው ሰባት ጋሪ ይዞ ሰባት ሕንፃ ላይ ይሠራል። ይህን ለጋሼ ሲነግረው "እስቲ ሞክር" አለው፤ አባባሉ ግን ለታመመ ሰው እንደሚሉት ዓይነት ነበር።

ብሎን ሥዕሉን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ፈጠራ ወደሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት ሄደ። የተቀበለው ወጣት ሠራተኛ ትሑት ነበር፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠው፤ ሥዕሉን አገላብጦ አየ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን ነካክቶ ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረለት።

"ወንድሜ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ ሌላ አገር ከተመዘገበ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።"

ስክሪኑ ላይ የብሎን ጋሪ አለ። ሦስት ሦስት ጎማ፣ ያው አስተሳሰር፣ ያው አወጣጥ። የማያውቀው ሰው፣ የማያውቀው አገር ውስጥ፣ እሱ ገና ጉርምስና ላይ ሳለ ሠርቶ ጨርሶታል። ብሎን መጀመሪያ ላይ ሞኝ ደስታ ተሰማው፤ ልክ ነበርኩ ለካ አለ በልቡ። ወዲያው ግን ሌላው ነገር ገባው። አምስት ዓመት ሙሉ የተዘጋጀ መልስ ሲፈልግ ነው የኖረው።

ወጣቱ አዘነለት መሰለኝ፣ ሥዕሉን እንደገና ሳበና "ይቺ ማገቻ ግን አዲስ ሳትሆን አትቀርም" አለው። ከስምንት ወር ደጅ ጥናት በኋላ ብሎን ማህተም ያለበት ወረቀት አገኘ። ወረቀቱ የተሰጠው ለጋሪው አልነበረም፤ ለማገቻዋ ነው።

ወረቀቱን ይዞ ብረታ ብረት የሚያመርቱ ድርጅቶችን በር ማንኳኳት ያዘ። አንዳንዱ ከጥበቃው ሳያሳልፈው ቀረ። አንዳንዱ ተመለስ እያለ እግሩን አቀጠነው። በመጨረሻ የአንድ ትልቅ ድርጅት ባለቤት፣ ነጭ ጺም ያላቸው አዛውንት፣ ጋሪውን ካላየሁ አሉ። አስመጥቶ አሳያቸው። ራሳቸው ያዙት፣ ደረጃ አወጡት፣ እጃቸውን ለቀው ማገቻዋን ፈተኑ።

"የተባረከ እጅ አለህ" አሉት። "ነገር ግን አልሠራልህም።"

"ምን ጉድለት አገኙበት?"

"ጉድለትስ የለውም። ገዢ ነው የሌለው። እየው ልጄ፣ ይሄ ጋሪ ጎማው ያልቃል፣ ቅባት ይፈልጋል፣ ብረቱ ይዝጋል። ይሄ ሁሉ የነጋዴው ወጪ ነው። ተሸካሚ ግን የሚያረጀው በራሱ ወጪ ነው። የትኛው ነጋዴ ነው ያንን ትቶ ይሄን የሚገዛ?"

አዛውንቱ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንዲያውም መኪና አዘው ጋሪውን እስከ ሕንፃው አደረሱለት። ብሎን ምድር ቤት አግብቶ ጆንያ አለበሰውና ሁለተኛ አላየውም። ወረቀቱን ሚስቱ ከልጆቹ የልደት ካርድ ጋር አስቀመጠችለት። የዚያን ጊዜ አልቀለደችም።

ዓመት አለፈ። ከዕለታት አንድ ቀን ተሸካሚዎቹ ክፍያ ይጨመርልን ብለው ሥራ አቆሙ። ሁለት ቀን ሙሉ ደረጃው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ ጋሼም መሐላቸው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ፣ ቁጡና ፈጣን ሴት ናት፣ ምድር ቤት ወርዳ ጆንያውን ገለጠችው።

"ያ ጋሪህ ይሄ ነው አይደል?"

"ነው እትዬ፤ ግን አይሸጥም።"

"እኔ መቼ ልግዛ አልኩህ?" አለች። "ብረቱ የማን ነው? መብራቱስ? ኩሽኔታውን ከየት አመጣኸው?"

"የተጣለ ነበር። የሠራሁትም በምሳ ሰዓቴ ነው።"

"የተጣለውም የሕንፃው ነው።"

ብሎን ሮጦ ቤቱ ሄደና ወረቀቱን ይዞ መጣ። ሥራ አስኪያጇ ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

"እዚህ ላይ የተጻፈው ማገቻ ነው" አለችና ወረቀቱን መለሰችለት። "እሺ፣ ማገቻዋ ያንተ ናት። ፍታና ውሰዳት።"

መፍቻው እጁ ላይ ነበር። የታሰረችው በሁለት ብሎን ነው፤ ለመፍታት ደቂቃ አትፈጅም። ጎንበስ አለ። መፍቻውን ብሎኑ ላይ አሳረፈ። ያን ጊዜ ያ የአሸዋ ጆንያ ደረጃውን እየተምዘገዘገ ሲወርድ ታየው፤ ከታች በኩል ደግሞ በሐሳቡ ሰው አቆመበት።

"እትዬ፣ ያለ እሷ ይሄ ጋሪ ሰው ይገድላል።"

"ውሳኔው ያንተ ነው። እኔ እንደሆነ ዛሬ አሠራበታለሁ።"

ብሎን መፍቻውን አነሳና ኪሱ ከተተው። ማገቻዋ እዚያው ቀረች።

በዚያው ሳምንት ከሰባቱ ስድስቱ ተሰናበቱ፤ ጋሪውን እንዲይዝ የቀረው ግንዱ ብቻ ነው። የተሰናበቱት ገመዳቸውንና ጀርባቸው ላይ የሚያነጥፉትን ጆንያ ሰበሰቡ። ብሎን በሩ አጠገብ ቆሞ ስድባቸውን ጠበቀ። ማንም አልሰደበው። ሰላምታም የሰጠው አልነበረም፤ እንደ ምሰሶ ዞረውት አለፉ። ግንዱ ጋሪውን ሲማር "እንዲህ ነው?" "እንዲህስ?" እያለ ጠየቀ እንጂ አንዴም ቀና ብሎ ፊቱን አላየውም።

ጋሼ እቤቱ ዋለ። ሰው ሁሉ አሁንማ ወገብህ ያርፋል ቢለውም፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆነ። አርባ ዓመት ሸክም የለመደ ገላ ሥራ ሲፈታ ይተሳሰር ጀመር፤ በሁለት ወር ውስጥ ከአልጋ ለመውረድ የሰው እጅ የሚያስፈልገው ሆነ። ብሎን በየእሑዱ እየሄደ አጠገቡ ይቀመጣል።

አንድ እሑድ ጋሼ ድንገት "ያ ጋሪህ እንዴት ነው?" አለው።

"ይሠራል።"

"ግንዱ በቀን ስንት ጊዜ ያወጣል?"

ብሎን ሊዋሽ አሰበ። "አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት ጊዜ" አለ በመጨረሻ።

"እኛ ለሰባት ሆነን አሥር አንሞላም ነበር።" ጋሼ ራሱን ነቀነቀና፣ ብሎን ልጅ ሆኖ ደብተሩን ሲያሳየው እንኳ ያላለውን ቃል አለው፦ "ጎበዝ ነህ እኮ አንተ።"

ምጸት አልነበረውም። ምጸት ቢኖረው ብሎን ይወድ ነበር። ብርድ ልብሱን አስተካከለለትና ወጣ። ሚስቱ "ጋሼ እንዴት ዋለ?" ስትለው "ደህና ነው" አላት።

ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር አልፈጠረም። አንድ ጊዜ ጎረቤታቸው ነፋስ እያላተመ ያስቸገራትን በር ይዞ የሚያቆም አንድ ነገር እንዲያስብላት ለመነችው። በሩን ከፈት ዘጋ አድርጎ አየው፤ ምን እንደሚያስፈልገው ወዲያው ገብቶታል።

"ባለሙያ አስጠሪ" አላትና ወደ ቤቱ ገባ።