ሶኬቱ አጠገብ የቀረው ዱካ

አጎቴ ኤሌክትሪክ ሲባል ምንም ነገር አያምኑም ነበር፤ በተለይ ከጅቡቲ ድንበር በአይሻ በኩል የሚገባውን፣ ለሰርግ የሚሰቀለውን ርካሽ ባለቀለም የመብራት ገመድ። አንድ ጊዜ ጅግጅጋ ገበያ የምትነግደው ጎረቤታችን ለልጇ ሰርግ ገዝታ አሳየቻቸው።

«ወላሂ አዲስ ነው፣ ጋሼ!»

«አሮጌ ቢሆን እስከ ዛሬ ማንን እንዳቃጠለ እንጠይቅ ነበር» አሏት።

ሰኩት፤ ዱካቸውን አስጠግተው ተቀመጡበትና ሻያቸውን እስኪጨርሱ ጠበቁት። ከዚያ ነቀሉና ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሱት። ሶኬቱ ጋ ሲደርሱ ፕላስቲኩ ለስልሶ ጣታቸው ላይ ተጣበቀ።

«ልጄ፣ የገዛሽው ምድጃ ነው» አሏት። እየሳቀች ወስዳ መለሰችው።

እሳቸው ያረፉ ዕለት ወጣቶቹ ለለቅሶው ድንኳን ሌላ መብራት አጥተው ያንኑ ዓይነት ባለቀለም ገመድ ሰቀሉ። ልጆቼ ከሥሩ ምንጣፍ ላይ ተኝተዋል። ሰው ያለቅሳል፤ የእኔ ዓይን ግን ከሶኬቱ አልነቀል አለ። አጠገቡ ተቀምጦ የሚጠብቅ ማንም የለም።

«እባካችሁ ንቀሉልኝ» አልኩ።

«ዛሬ እንኳ ተዪው እንጂ፣ እቴ!» አሉኝ አንዲት ለቀስተኛ።

ሲነቀል ሄጄ ዳበስኩት። እንደ ትኩሳታም ልጅ ግንባር ይፋጃል። ፋኖስ አስመጣሁና በፋኖስ አለቀስንላቸው።

ዱካቸው ዛሬም ሶኬታችን አጠገብ ነው። ልጆቼ አንድ ነገር በሰኩ ቁጥር እቀመጥበታለሁ፤ እሳቸው ግን ሻይ እየጠጡ ይጠብቁት የነበረውን እኔ እየፈራሁ ነው የምጠብቀው።

አጎቴ፣ ፈጣሪ የማያቃጥል ብርሃን ይስጥዎት።