ብሮውዘሩን ያጸዳሁ ቀን

ቤይሩት ያለችው እኅቴ ስልኳን አሠሪዋ ከወሰደችባት በኋላ የቀረን መገናኛ ኢሜይል ብቻ ነበር። እሷ እመቤቲቱ ስትወጣ በልጆቹ ኮምፒውተር ተደብቃ ትጽፋለች፤ እኔ ሞጣ ቢሮዬ ውስጥ አነባለሁ። ኢሜይሉን ከመሄዷ በፊት የከፈተችልኝ ራሷ ናት። ፓስወርዱንም እሷው መርጣ አስገባችው፤ እኔ አልጠየቅኋትም። ገጹ በቢሮዬ ኮምፒውተር ላይ ዘወትር ክፍት ስለሆነ ግድ አልሰጠኝም።

ዐቢይ ጾም እንደገባ ገጹ መልኩን ለወጠ። ከዚያ ወዲህ ግማሹ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ትንሿ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች፤ አዲስ መልእክት የለም። የቢሮው የኮምፒውተር ባለሙያ አየት አደረገና፣

«የድሮው ገጽ ትርፍራፊ ተጠራቅሞበት ነው፤ ካሹን አጽዳው» አለኝ።

«ከገባሁበት ቢያስወጣኝስ?»

«ኩኪ ከሚለው ፊት ያለውን ምልክት አንሣ። እሱን ካጠፋኸው ያስወጣሃል፤ ፓስወርድ ይጠይቅሃል።»

ፓስወርዱን የምታውቀው እሷ ብቻ፤ እሷን የማገኘውም በዚሁ ገጽ ብቻ። ፈራሁ። ማጽጃውን እከፍታለሁ፣ ምልክቶቹን ደጋግሜ አያለሁ፣ እዘጋዋለሁ። ቢቸና ያለችው እናቴ ደውላ «ልጄ ምን አለች?» ስትለኝ፣ «ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች» እላለሁ። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔ ለእናቴም የማልሆን ፈሪ ነበርኩ።

ሆሳዕና ሲቃረብ እናቴ «ጥርሴ ወልቆ በሕልሜ አየሁ» አለችኝ። ጥርስ ሲወልቅ ምን እንደሚባል የማያውቅ የለም። በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ገብቼ አማተብኩ፤ የኩኪን ምልክት አነሣሁና ማጽጃውን ተጫንኩት። ገጹ ድርግም አለ። ቆይቶ አዲሱ ገጽ ሙሉ ሆኖ መጣ፤ አላስወጣኝም። ያልተነበቡ የእኅቴ መልእክቶች ተደርድረዋል።

የመጀመሪያው «ምነው ጠፋህ?» ይላል። የመጨረሻው ግን እንዲህ ነበር፦ «ወንድሜ፣ ለሩቅ ሰው መርዶ እንደሚደበቅ የማላውቅ መሰለህ? እማዬ ሞታለች። ጸጉሬን ተላጭቻለሁ። አርባዋ አልፎኝ እንደሆነ ብቻ ንገረኝ።»

«እማዬ ደህና ናት» ብዬ ጻፍኩና እጄ ቆመ። መርዶ የሚደብቅ ሰውም የሚጽፈው ይህንኑ ነው። ፎቶ ብልክ የድሮ ነው ትላለች። እናቴ ስትናገር በቪዲዮ ቀርጬ ከመላክ በቀር መላ አልነበረኝም። ፈቃድ ጠይቄ ወደ ቢቸና የሚሄድ መኪና ተሳፈርኩ። ለእናቴ አልደወልኩላትም፤ በድንገት ልደርስባት አሰብኩ፣ ጅል።

ደጃፍ ላይ ጌሾ ስትለቅም አገኘኋት። ቀና ብላ አየችኝ።

«ምነው በሥራ ቀን? ምነው ሳትደውል?»

«እማዬ፣ ደህና ናት! አሁን ነው የጻፈችልኝ!»

«ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው» አለችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ቀጥሎ «ልጄን! ልጄን!» እያለች ደረቷን ትመታ ጀመር። ጎረቤት ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ እነሱም ሳይጠይቁ አለቀሱ። ብምልም ብገዘትም የሚሰማኝ ጠፋ። ስልኬን አወጣሁና ቀረጽኳት።

የላክሁት ያንን ነው። እናቷ በቁሟ ስታለቅስላት አይታ እኅቴ አመነች። እማዬ ግን የልጄን ድምፅ ካልሰማሁ አላምንም ብላ፣ ፋሲካንም ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ዋለች።