በሶ የበሉ ዓሦች

በዚህ ዕድሜዬ ባሕር ጠባቂ እሆናለሁ ብዬ አላሰብኩም። መንዝ ውስጥ፣ እኛ ዘመሮ ላይ ከባሕር የሚደርሰን ነገር ቢኖር ጨው ነው፤ እሱም በከረጢት ታስሮ ነው የሚመጣው።

ልጄ ዐረብ አገር አሥር ዓመት ሰው ቤት ስትሠራ፣ ከሥራዋ አንዱ የጌቶቿን የዓሣ ገንዳ ማጽዳት ነበር። ተመልሳ ስትመጣ ላም ትገዛለች ስል፣ ከአዲስ አበባ የመስታወት ገንዳና ሁለት የባሕር ዓሣ ይዛ ከች አለች። ብርቱካንማ ናቸው፤ ነጭ መቀነት የታጠቁ፤ ቁመታቸው ከጣቴ አያልፍም።

"ይበላሉ?" አልኳት።

"አይበሉም።"

"እሺ፣ ይታለባሉ?"

ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። በኋላ "አባዬ፣ አሥር ዓመት የሰው ባሕር ስወለውል ኖሬያለሁ፤ ይቺ የራሴ ናት" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የወተት ነገር አላነሳሁም፤ እሷ ባለችበት ማለቴ ነው።

አምና በሐምሌ መጨረሻ እናቷን ዓይኗን ልታሳክም አዲስ አበባ ይዛት ሄደች። ዓሦቹን ለእኔ ትታ። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ፣ ትእዛዙን በትልልቁ ጽፋ ግድግዳ ላይ ለጠፈችልኝ። በቀን አንዴ ከጣሳው ቁንጥር ምግብ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገንዳው አንድ ባልዲ ቀድቶ መድፋት፣ በምትኩ አንድ ባልዲ አዲስ መጨመር። አዲሱም የዝናብ ውኃ ሆኖ፣ ከቆርቆሮ የወረደ ሳይሆን በላስቲክ የተጠራቀመ፣ በልዩ ጨው የተበጠበጠ፣ ለብ ያለ። ለሙሽራ ገላ እንኳ ይህን ያህል አይደከምም።

የገንዳው ውኃ ኩልል ያለ ነው። ያልደፈረሰ ውኃ መድፋት ግፍ ነው ብዬ ቅዳሜን ዘለልኩት።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። የጣሳው ምግብ ደግሞ ዓሣ ተፈጭቶ የተሠራ ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም እያለ የሚከራከር ሞልቷል፤ ዓሣው ራሱ ይጾማል ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም። የንስሐ አባቴ ቤት ሲመጡ እኔ ጠየቅኳቸው።

"አባ፣ ዓሣ ዓሣ እየበላ ፍልሰታን ማሳለፉ ደግ ነው?"

"አንተ ሰውዬ፣ ዓሣው ክርስትና ተነሥቷል?"

"ኑሮው ውኃ ውስጥ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ይጠመቅ?"

"አንተ ምላስህን ጹም!" ብለውኝ እየሳቁ ወጡ። ይፈቀዳልም አላሉ፣ ይከለከላልም አላሉ። በእኔ ቤት ፍልሰታን ሕፃን እንኳ ይጾማል። ስለዚህ የመንዝ ሰው ለእንግዳ የሚያቀርበውን አቀረብኩላቸው፤ በሶ።

ጠዋት ቁንጥር፣ ወደ ማታ ቁንጥር። አንዱ ቀምሶ ሲተፋ "ብላ እንጂ፣ በሞቴ!" እያልኩ ጨመርኩለት። እንግዳ አንዴ ጎርሶ አይነሣም።

በሳምንቱ ውኃው እንደ አጥሚት ነጣ። ድንጋዮቹ አረንጓዴ ለሐጭ ለበሱ። ዓሦቹ ላይ ላዩን ሆነው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። የራባቸው መስሎኝ በሶ ጨመርኩ።

ልጄ ስትደውል "ደኅና ናቸው፣ ብቻ ይተነፍሳሉ" አልኳት።

"እንዴት ይተነፍሳሉ? አባዬ፣ ገንዳው አጠገብ ባለው ብልቃጥ ውኃውን ቀድተው የመመርመሪያውን ጠብታ ይጨምሩበት።" ጨመርኩበት። ቢጫ ከሆነ ደግ ነው፤ ከቀላ ናይትሬት የምትለው መርዝ በዝቷል ማለት ነው።

"ምን መሰለ?"

"በርበሬ።"

"ቅዳሜ ውኃውን ቀይረዋል?"

"ቀይሬያለሁ።"

"ከጣሳው ሌላ የሰጧቸው ነገር አለ?"

"ምን እሰጣለሁ?"

"እንግዲያው ጠብታው ተበላሽቷል ማለት ነው። ምንም አይንኩ። ዓርብ እንመጣለን" ብላ ዘጋች። ቀኑ ሰኞ ነበር።

ገንዳው ፊት ተቀመጥኩ። ትንሹ ዓሣ ወደ ጎኑ አዘንብሏል። አርባ ዓመት በትዳር ስኖር "አጠፋሁ" የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ ሚስቴ ትመስክር። አሁን ግን እኔ ዝም ካልኩ ልጄ "የራሴ" ያለቻት አንዲት ነገር ዓርብን አታይም። መልሼ ደወልኩ።

"በሶ ሰጥቻቸዋለሁ" አልኩ።

"ምን?"

"ፍልሰታ ነው። ውኃውንም አልቀየርኩም።"

ታልቅስ ትሳቅ አላወቅኩም። ከዚያ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ያልተበላ ምግብ ይበሰብሳል፣ የበሰበሰው ውኃውን ይመርዛል። ያኔ ገባኝ። ከቤት አጠገብ ያለ ማሳ ፍግ ሲበዛበት ገብሱ ይንዠረገግና ይተኛል፤ ፍሬ የለውም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሰው፣ ማሳውን በመስታወት ውስጥ ሲያስቀምጡልኝ ጠፋኝ።

"ታዲያ ሁሉንም ልድፋውና በአዲስ ልሙላው" አልኳት።

"እንዳያደርጉት! ደንግጠው ይሞታሉ። ዛሬ ሁለት ባልዲ፣ ከነገ ጀምሮ በየቀኑ አንድ አንድ። የታችኛውን ዝቃጭ በቱቦው ይሳቡት። ደግሞ ሦስት ቀን ምንም እንዳይበሉ።"

ዓሦቹ መጾማቸው አልቀረም፤ ለንስሐ አባቴ ግን ይህን አልነገርኳቸውም።

ባልዲ ተሸክሜ በዝናብ ውስጥ ተመላለስኩ። ለብ አድርጌ፣ ጨዉን በመስፈሪያዋ ሰፍሬ፣ ቀስ እያልኩ አፈሰስኩ። ረቡዕ ዕለት ትንሹ ቀና አለ። ሐሙስ የብልቃጡ ቀለም ከበርበሬ ወደ እርድ ወረደ።

ዓርብ ልጄ እናቷን ደጃፍ ላይ አቁማ፣ እኔንም ሳትስም በቀጥታ ወደ መስታወቱ ሄደች። "አንድ፣ ሁለት" አለች። ከዚያ መጥታ ትከሻዬን ሳመች።

"ነገ ቅዳሜ ነው፤ ውኃውን እኔ እቀይራለሁ" አለች።

"ተይው" አልኳት፤ "አንቺ ስታፈሺ ትቸኩያለሽ።"