ጤነኛው ዓይን

በዓይን ውስጥ ውሃ እንዴት እንደሚመላለስ ለሚያጠናው ክፍል ዓይናቸውን በፈቃዳቸው ከሚያስለኩት ሰዎች መካከል፣ አንድም ቀን ቀርተው የማያውቁት እኚህ ሽማግሌ ናቸው። ኮታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ አገጫቸውን መሣሪያው ላይ አስደግፈው እንደ ጨዋ ተማሪ ጸጥ ይላሉ።

«አባባ፣ ውሃው እንደ ምንጭ ይወርዳል፤ ዓይንዎ የልጅ ዓይን ነው!» አለቻቸው መርማሪዋ፣ ደስ እንዲላቸው ብላ።

ፊታቸው ዳመነ። «የልጄንማ ዓይን ውሃው መውጫ አጥቶ አጠፋው። ሰሌዳው ጭጋግ ሆነብኝ ስትለኝ፣ ትምህርት ጠልታ ነው ብዬ ገረፍኳት። ዛሬ እጇን ይዤ የምመራት እኔው ነኝ።»

መርማሪዋ የጠብታውን ብልቃጥ አነሣች። ቀጣዩን ጠብታ ስታደርግላቸው ዓይናቸው ደም መሰለ።

«አቃጠለዎት እንዴ?»

«ይበለኝ» አሉ፤ ሌላኛውንም ዓይን በጣታቸው ገልጠው አቀረቡላት።